ቀይ ባሕርን አይታ የማታውቅ ትል

ነጋዴ ዋጋ ሳይሰማ ወሬ አይሰማምና፣ ነገሩ ያስወጣኝን ከፊት ላስቀምጥ። አሥራ አንድ ዛጎል፣ ሁለት ሆቴል፣ አንድ ታፔላ፣ ሃያ ዓመት ዕቃ የላከልኝ አንድ የባሕር ዳርቻ ሰው፣ እና የአንድ ሽማግሌ ሰላምታ። ይህን ሁሉ የበላችው ርዝመቷ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ፣ ውፍረቷ ከወረቀት የማይሻል አንዲት የባሕር ትል ናት።

ሱቄን ባለፈው ክረምት ዘግቻለሁ። ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ የጌጥ ዓሣ የምሸጥበት ቤት አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ጡረታ ለመንግሥት ሠራተኛ በደብዳቤ ይመጣል፤ ለነጋዴ የሚመጣው በወገቡ በኩል ነው። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ የገንዳ መስታወት ስጠርግ ተመልሼ መቃናት አቃተኝ፤ ደብዳቤው እንደደረሰኝ ያኔ ገባኝ። ልጄ “አባዬ፣ ቁጭ ብለህ ከምትቆዝም ጻፈው” አለችኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። የቀረውን ያስተማረኝ መርካቶ ነው፤ ስለዚህ ፊደሌ ላይ ስህተት ያየ ሰው መርካቶን ይጠይቅ።

ከቡታጅራ ወዲያ ካለ ገጠር መጥቼ ጆንያ ተሸክሜአለሁ፣ የላስቲክ ጫማ ሸጫለሁ፣ ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ለመንገደኛ ውሃና ብስኩት አዙሬአለሁ። ከዚያ ያነሱኝ ጋሽ ይልማ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቦሌ ውስጥ በየሆቴሉና በየውጭ ዜጋው ቤት እየዞሩ የዓሣ ገንዳ የሚተክሉና የሚያጸዱ ሰው ነበሩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለሱ ይብቃ። ሥራ የጀመርኩ ቀን ባልዲና ስፖንጅ ይዤ ወደ ገንዳው ስራመድ ክንዴን ያዙኝ።

“ወዴት ነው?”

“ላጸዳ ነዋ ጋሼ።”

“እጅህን ወደ ኋላ አድርግ። መጀመሪያ እይ።”

ወንበር ስበው ገንዳው ፊት ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ከወንበሩ ጀርባ አቆላለፉ። ከሥር፣ ከአሸዋው ጀምረው ወደ ላይ አዩ። ሰው ሁሉ ማየት የሚጀምረው ከዓሣው ነው። እሳቸው ግን “ችግር ከሥር ይጀምራል፤ ዓሣው የሚነግርህ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው” ይሉ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል አይተው ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ይቀምሳሉ። ከዚያ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አውርደው በትንሽ ደብተር ይጽፋሉ። እስክሪብቶ አይነኩም ነበር፤ የጨው ውሃ ጠብ ሲልበት የእስክሪብቶ ቀለም ይሸሻል፣ እርሳስ ግን ይቆያል።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው “ምንጭህን ለማንም አትንገር፤ ዕቃ ከየት እንደምታመጣ የነገርከው ሰው ነገ እዚያ ቀድሞህ ይቆማል” የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ “አፍህ ለሰው የፈለገውን ይናገር፣ ደብተርህ ላይ ግን አትዋሽ፤ ዓሣ ሲታመም አፍህ አያድነውም።” ሁለቱንም አጥብቄ ያዝኩ። ሁለቱ እርስ በርስ እንደሚጣሉ የገባኝ ሽበት ካበቀልኩ በኋላ ነው።

ጋሽ ይልማ ሲያርፉ ደንበኞቻቸውን ተረከብኩና ሱቅ ከፈትኩ። የጨው ውሃ ዓሣ አዲስ አበባ ላይ ለማቆየት ባሕሩን ራስህ መሥራት አለብህ። የቧንቧ ውሃ በበርሜል ታሳድራለህ፣ ታጣራለህ፣ ጨዉን መዝነህ ትበጠብጣለህ። ደግሞ ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ቦሌ የሚያርፍ ዓሣ፣ የቆላ ሰው እንጦጦን ሲወጣ እንደሚያለከልከው ያለከልካል፤ ቀጭኑ አየራችን ውሃው ውስጥም ቀጭን ነው። ስለዚህ ከላስቲኩ አውጥተህ አትገለብጠውም። እኔ ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዝቼ የገንዳውን ውሃ ላስቲኩ ውስጥ ጠብ ጠብ አደርግለት ነበር፣ እስኪለምድ። ሰፈሩ “ሸምሱ ለዓሣ ግሉኮስ ይሰቅላል” ብሎ ሲስቅብኝ ኖሯል። አንድ ሆቴል ውስጥ በሰርግ መሃል መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ለዘፋኙ ተሰጠና፣ እኔና አንድ ሚዜ በብስክሌት ፓምፕ እየተፈራረቅን ለዓሣዎቹ አየር ነፋን። ሙሽራው ከጭፈራው ወጥቶ “የቱ ጋ ነው የተነፈሰው ጎማ?” ብሎ ጠይቆኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

ታፔላዬ “የቀይ ባሕር ዓሣና ድንጋይ” ይል ነበር፤ ድንጋይ ማለቴ ገንዳ ውስጥ የሚደረደረው የባሕር ድንጋይ ነው። እውነቱ ግን ዕቃዬ በሙሉ የኬንያ ነበር፤ ከሞምባሳ በታች የሚኖር ሳሊም የሚባል ጠላቂ ነው የሚልክልኝ። ሳሊምን መደበቅ ስለነበረብኝ አንድ ቀን ደንበኛ “ከየት ነው?” ሲለኝ አፌ “ከቀይ ባሕር” አለ። የሰውዬው ዓይን ሲለወጥ አየሁ። ኬንያ ብለው ኖሮ ዋጋ ይከራከረኝ ነበር፤ ቀይ ባሕር ስለው ድንጋዩን እንደጠፋ ዘመድ አየው። ከዚያ ወዲህ የሌላ ባሕር ስም ጠርቼ አላውቅም።

ከሁሉ በላይ ያመኑኝ ባሻ ሐጎስ ናቸው። በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግለዋል። ልጃቸው ራሔል መድኃኔዓለም አካባቢ ምግብ ቤት አላት፤ “አባቴ ባሕሩን ይየው” ብላ ትልቅ ገንዳ አስተከለችኝ። ባሻ ቁርሳቸውን እንደበሉ ወንበራቸውን ስበው ፊቱ ይቀመጣሉ፤ ማንም ሳያስተምራቸው እንደ ጋሽ ይልማ ከሥር ጀምረው ነው የሚያዩት። “ሸምሱ፣ ይቺ ድንጋይ የት ነበረች?” ይሉኛል። “ምፅዋ ፊት ለፊት ባሻ” እላለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አስተናጋጆቹም ለእንግዳው “ይሄ የኛ ባሕር ነው” ማለት ለመዱ።

አንድ ጠዋት ባሻ ደወሉልኝ።

“ሸምሱ፣ ዛጎሎችህ ባዶ እየሆኑ ነው።”

“ባዶ ማለት?”

“ክዳኑ አለ፣ ባለቤቱ የለም።”

እነዚያ ዛጎሎች በሁለት ክዳን መሃል የሚኖሩ ሕያው እንስሳት ናቸው፤ ውድ ናቸው። ሄጄ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ከባሻ ጎን ተቀመጥኩ።

“ትናንት ነጠላ የለበሰች ነገር አይቻለሁ” አሉኝ።

“ነጠላ?”

“ከድንጋዩ ሥር ወጥታ ዛጎሉ ላይ ተዘረጋች። ነጭ ናት፤ ዳር ዳሯ ጥበብ አለው።”

ዓይናቸው ደክሟል አልኩ በሆዴ። ቢሆንም እንደ ልማዴ ደብተሬ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት፤ ገንዳው፣ ቀኑ፣ የተበሉት ዛጎሎች ቁጥር፣ የባሻ ቃል እንዳለ። በሦስተኛው ቀን እኔም አየኋት። ወተት በውሃ ሲቀጥን የሚመጣው ዓይነት ነጭ ናት፤ ዙሪያዋን ጥቁር መስመር፣ ከሱ ውጭ ደግሞ ብርቱካናማ ዘርፍ አላት። ስትሄድ ዳሯ ነፋስ እንዳገኘ ጨርቅ ይሞገዳል። ራስ የላትም ብል ይቀለኛል፤ በፊት በኩል ጠርዟ ሁለት ቦታ ታጥፎ እንደ ጆሮ ቆሟል። በለስላሳ ብሩሽ አነሳኋትና ለቁስል በምንጠቀምበት አልኮል ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኳት። ተጨማደደች፣ ተጠቀለለች፣ ከዚያ መበታተን ጀመረች።

ራሔል “ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ምሳ የምትበላ የዩኒቨርሲቲ መምህር አለች፤ ሥራዋ ትል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ” አለችኝ። ዶክተር ሰብለን ያገኘኋት እንዲህ ነው። ሽሮዋን ገፋ አድርጋ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

“ምን ውስጥ ከተቷት?”

“አልኮል።”

“ገደሏት።”

“ለዚያ ነዋ የከተትኳት።”

አልሳቀችም። “ይሄ አሁን ትል አይደለም፤ ሾርባ ነው። ሌላ አለ?”

“አለ ብለው ባሻ ይምላሉ።”

ምሳዋን እዚያው ትታ ወንበር ሳበችና ባሻ ጎን ተቀመጠች። እየጠበቅን ነገሯን አወጣችልኝ። ውጭ አገር ሄዳ የተማረችው ስለ ጠፍጣፋ የባሕር ትሎች ነው። አገሯ ስትመለስ ባሕር የለም። ሃያ ዓመት ያህል ከቄራ በሚመጣ የበግ ጉበት ውስጥ የሚገኝ ትል ስትቆጥር ኖራለች፤ የነዚያ የባሕሮቹ የሩቅ ዘመድ ነው አለችኝ። እሷ አንቱ ትለኛለች፣ እኔ አንቺ እላታለሁ፤ ዕድሜ ነው።

“ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ትል ምሁር!” አልኳት።

“እርስዎስ ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ዓሣ ነጋዴ አይደሉም?”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተግባባን። “ለስንቱ ስም አወጣሽ?” ብዬ ጠየቅኳት። “ለአንድም። ሌሎች ስም ያወጡላቸውን ነው የምቆጥረው” አለች። ይህን ስትል ዓይኗ ከገንዳው አልተነቀለም።

ትሎቹን በነጋዴ ብልሃት ያዝናቸው፤ አንድ ዛጎል ማሰሮ ውስጥ አድርጌ ገንዳው ሥር አስቀመጥኩና ጠዋት ስናወጣው ሦስት ነጠላ ለባሾች ማዕድ ላይ ነበሩ። አገዳደሉን ያኔ ተማርኩ። መጀመሪያ በሕይወት ሳለች ፎቶ ትነሳለች፤ ስትሞት ቀለሟ አብሯት ይሄዳል። ከዳሯ ቅንጣት ተቆርጦ ለዘር ምርመራ ንጹሕ አልኮል ውስጥ ይገባል። ዶክተር የሞተ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርገውን ፎርማሊን በዝርግ ሳህን አድርጋ የዓሣ ምግብ በማስቀምጥበት ፍሪዘሬ ውስጥ እንደ በረዶ አረጋችው። ትሏ በእርጥብ ወረቀት ላይ በራሷ ጊዜ ትሳባለች። እኔ ቸኩዬ ወረቀቱን ላነሳ ስል እጄን መታችኝ።

“እስክትዘረጋ ይጠብቁ። ተሸብሽባ ከሞተች አትነበብም።”

ጠበቅን። ዳሯን ለቀቀች፣ ጆሮዎቿን አነሳች፣ ሙሉ ለሙሉ ተነጠፈች። ያኔ ዶክተር ወረቀቱን ገልብጣ በረዶው ላይ አሳረፈችው። ትሏ እንደተዘረጋች ቀረች። ከዚያ ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣችና ጠርሙሱ ውስጥ የሚገባውን ቁራጭ ወረቀት መጻፍ ጀመረች።

“እርሳስ?” አልኩ።

“አልኮል እስክሪብቶን ይበላዋል።”

ጋሽ ይልማን አስታወሰችኝ። ወዲያው ቀና ሳትል “ትሏ የወጣችበት ድንጋይ ከየት ነው የመጣው?” አለችኝ።

“ከቀይ ባሕር።”

ምግብ ሲቀርብ ቢስሚላህ እንደሚወጣ ነው የወጣው። እርሳሱ ቆመ። “እርግጠኛ ነዎት?”

“ታፔላዬን አላየሽም?”

ጻፈችው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ወር ሠራች። ትሏን በሰም ውስጥ አስቀምጣ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የቀጠነ እያደረገች ትሸነሽናታለች፤ እያንዳንዱን ሽንሽን መስታወት ላይ ለጥፋ በማይክሮስኮፕ ታያለች። ከጆሮዎቿ ሥር የተበተኑትን ነጠብጣብ ዓይኖች ትቆጥራለች። አንድ ጊዜ እኔንም አሳየችኝ። “የላይ ልብሷ ከሌላ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። የሚለያት የውስጧ፣ የመራቢያዋ አሠራር ነው” አለች። ገባኝ፤ ልብስ የሚገዛ ሰው ገልብጦ ስፌቱን ነው የሚያየው። ውጭ አገር ላሉ ሁለት አዋቂዎች ጻፈችላቸው። ሁለቱም “አናውቃትም” ብለው መለሱ። አዋቂ ሰው አላውቅም ሲል እንደዚያ ደስ የሚለው ሥራ አይቼ አላውቅም።

“በቀይ ባሕር ስም ልሰይማት ነው” ስትል ባሻ ሐጎስ ከወንበራቸው ተነሡ። “የኛ ባሕር ትል!” ብለው ለቤቱ ሁሉ ሻይ አዘዙ። እኔም ጠጣሁ። ስኳር ይኑረው አይኑረው ግን አላውቅም።

ከዚያ ዶክተር ደብዳቤ ይዛ ሱቄ መጣች። “ጽሑፌን የሚያትሙት ሰዎች ትክክለኛውን ቦታ ጠይቀውኛል። የቱ ዳርቻ፣ ስንት ሜትር ጥልቀት?”

“ምን ያደርግላቸዋል? ትሏ እንደሆነች ጠርሙስ ውስጥ አለች።”

“ጋሽ ሸምሱ፣ ሌላ ሰው ሄዶ ፈልጎ የማያገኛት ትል፣ ትል አይደለችም። ወሬ ናት።”

ውሸት ብቻውን አይቆምም፣ ባላ ይፈልጋል። “ጅቡቲ በኩል ነው፤ ከኦቦክ ወደ ላይ” አልኩ። ጻፈች።

ሁለት ሳምንት ቆይታ ደግሞ እየሳቀች ገባች። የዓመት ፈቃዷን ወስዳለች፣ ጅቡቲ ልትሄድ ቲኬት ቆርጣለች፤ ለመኪናዋ ሞተር ያስቀመጠችው ገንዘብ ነው። “ከገንዳ አይደለም፣ ከባሕሩ ራሴ አወጣታለሁ። የፎም ሳጥን ያበድሩኝ” አለች።

ሳጥኑን አወረድኩ፣ ጠረግኩ፣ ማዕዘኑን በፕላስተር አጠናከርኩ። የሚላክ ሳጥን ክዳን ላይ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይጻፋል፤ ከየት፣ ወደየት። እጄ በልማዱ ከጆሮዬ ላይ እርሳስ አወረደ። “ከ” ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። አፌን ለውሸት ስንት ጊዜ እንዳዘዝኩት አላህ ያውቃል፤ በእርሳስ ግን አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም። ይህች ሴት ሌላ ባሕር ገብታ፣ የሌለችን ትል ድንጋይ እየገለበጠች ልትፈልግ ነው። ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ ሥራዋ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ካገኘች ደግሞ የባሰ ነው፤ ሌላ ትል አግኝታ እሷ ናት ትላለች።

መሳቢያውን ከፈትኩና የገንዳ ደብተሬን አውጥቼ ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩላት።

ቆማ አነበበች። ሳጥን በሳጥን ተጽፏል፤ የመጣበት ቀን፣ ሳሊም፣ የኬንያ ዳርቻ፣ ድንጋዮቹ የገቡበት ገንዳ። የራሔል ገንዳ ድንጋይ በሙሉ ከአንድ ጭነት ነው፤ ሌላ አልተቀላቀለበትም።

“ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?”

“የኔ።”

“ታዲያ አፍህ የማን ነው?”

አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር። “የነጋዴ” አልኩ። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሳጥኑን አልነካችውም። ሦስት ሳምንት ስልኬን አላነሳችም። ከዚያ አንድ አጭር መልእክት መጣ፤ “ድንጋዩን ያነሳው ሰው ቦታውን ይንገረኝ።”

ሳሊምን ደወልኩለት። ከሃያ ዓመት በኋላም የኔ ስዋሂሊ ለዋጋና ለሰላምታ ብቻ የሚበቃ ነው።

“ሸምሱ ወንድሜ፣ ቦታዬን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ማንን ልታመጣብኝ ነው?”

“ማንንም። ለአንዲት ትል ነው።”

“ለትል?” አለ። “ጻፍ። አሮጌው የጀልባ መውጫ ጀርባ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ውሃው ደረቴ ላይ የሚደርስበት።” ከዚያ ቀጠለ፤ “ቦታዬ ወረቀት ላይ ከወጣ እኔ እዚያ አልሠራም። አንተም ሌላ ሰው ፈልግ። ቂም አይደለም፤ አንተም እንደዚሁ ታደርግ ነበር።”

እውነቱን ነው። አደርግ ነበር።

ዶክተር ኬንያ ላለች የሙያ ባልደረባዋ ጻፈች። ሴትዮዋ ባሕሩ ሲሸሽ ሄዳ ድንጋይ ገልብጣ ሁለት አገኘች። ዶክተር የላከችልኝ መልእክት አንድ ቃል ነበር፤ “አለች።”

ታፔላውን በገዛ እጄ አወረድኩ። ሁለቱን ትልልቅ ሆቴሎች ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። የአንዱ ሥራ አስኪያጅ “ከኬንያ ከሆነማ እኛው እናስመጣዋለን” አለኝ። ጋሽ ይልማ መቃብር ውስጥ ሆነው ራሳቸውን የነቀነቁ መሰለኝ።

ባሻን ለመጨረሻ አቆየኋቸው። ራሔል የሚታተመውን ጽሑፍ በፍሬም ልትሰቅል ዝግጅት ላይ ነበረች፤ ባሻ ከግድግዳ ላይ ከሚያነቡት ከኔ ይስሙት አልኩ።

“ባሻ፣ ያ ድንጋይ የምፅዋ አይደለም።”

“የዳህላክ ነው?”

“የኬንያ ነው።”

“የቱ?”

“ሁሉም።”

ገንዳውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት፣ ከሥር እስከ ላይ። ከዚያ ተነሥተው ወንበራቸውን አዞሩና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ገንዳውን ላጸዳ ስመጣ እሳቸው ሚኒባስ ሲያዩ አገኛቸዋለሁ። “እንደምን አደሩ ባሻ” እላለሁ። መልስ የለም። ሰባት ወር እንደምን አደሩ አልኩ። ዓሣዎቹ ጤነኛ ነበሩ፤ ገንዳው እንደዚያ አምሮ አያውቅም፤ የሚያየው ግን አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ዶክተር የታተመውን ይዛ መጣች። እኔ እጄ እስከ ክንዴ ውሃ ውስጥ ነበር። ለኔ አልሰጠችኝም፤ ቀጥታ ወደ ባሻ ሄደች።

“ባሻ፣ የቀይ ባሕር የሚለው ስም ወድቋል። ሌላ ስም ስፈልግ ነበር።”

“እኔን ምን አገባኝ?” አሉ ከመንገዱ ሳይዞሩ።

“ያቺን ትል መጀመሪያ ያዩ ዕለት ምን አሏት?”

“ማን ያስታውሳል።”

ደብተሬን ከቦርሳዋ አወጣች። በሳጥኖቹ መሃል ያለችውን መስመር ጮክ ብላ አነበበች፤ “ባሻ ሐጎስ ነጠላ የለበሰች ነገር አየሁ አሉ፤ ነጭ ናት፣ ዳሯ ጥበብ አለው።” ከዚያ የታተመውን ዘርግታ በጣቷ አሳየቻቸው። “ስሟ ነጠላ ነው። እዚህ ጋ፣ በፈረንጅ ፊደል። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ስሙን ያወጡላት እርስዎ እንደሆኑ የሚናገረው ነው።”

ባሻ መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን ከፊደል ወደ ፊደል ወሰዱ።

“የኬንያ ትል በአማርኛ?”

“መጀመሪያ ያያት ሰው የጠራት ነው።”

“ኬንያዎቹ አይከፋቸውም?”

“አንዷን እዚያው ሙዚየም አስቀምጠዋታል። ስሙን ጠይቀውኝ ነጠላ ምን እንደሆነ ነግሬአቸው፣ ፎቶዋን አይተው ስቀዋል።”

ባሻ ወረቀቱን እንደያዙ ዞር ብለው አዩኝ። “አንተ ውሸታም።”

“አቤት ባሻ።”

“ያልኩትን የዚያኑ ዕለት ጻፍከው?”

“የዚያኑ ዕለት። በእርሳስ።”

ተነሥተው ወንበራቸውን ጎተቱ፤ ሙሉ ለሙሉ አላዞሩትም፣ ግማሽ ብቻ፤ በአንድ ወገን መንገዱ፣ በሌላ ወገን ገንዳው የሚታይበት ቦታ ላይ አቆሙት። ተቀምጠው ከአሸዋው ጀምረው ማየት ጀመሩ። ቆይተው፣ ፊታቸውን ሳያነሱ፣ “እንደምን አደርክ ሸምሱ” አሉኝ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር።

“አልሐምዱሊላህ ባሻ” አልኩ፤ እጄን ከውሃው ሳላወጣ።

ዶክተርን ስሸኛት በር ላይ “የኔን ስም ግን አላሰብሽም?” ብዬ ቀለድኩ። “ታፔላ ይሠሩበታል ብዬ ፈራሁ” አለችኝ። አንቱታው ተመልሷል።

ሒሳቡ እንግዲህ ይህ ነው። ዛጎሎቹ ተበልተዋል። ሆቴሎቹ አልተመለሱም። ሳሊም ስልኩን ቀይሯል። ታፔላው ጓሮዬ የዶሮ ቤት ክዳን ሆኗል። ባሻ ሰላም ይሉኛል። ትሏ ስም አላት፤ አገሯም በትክክል ተጽፏል።